ማርከር በሳሙና አይለቅም፤ መሄጃ ይፈልጋል

ጥያቄ

«የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ ነው። ትልቁ ልጄ ዘንድሮ 8ኛ ክፍልን ጨረሰ። በመጨረሻው ቀን ጓደኞቹ ነጭ የዩኒፎርም ሸሚዙን ከፊትም ከኋላም ፈርመውበት መጣ። ሸሚዙ ገና አዲስ ስለሆነ ታናሽ ወንድሙ በመስከረም ይለብሰዋል ብዬ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩት፤ በረኪናም አደረግኩበት። ጽሑፉ ደብዘዝ አለ እንጂ አልለቀቀም፤ ኮሌታው ጭራሽ ቢጫ ሆነ። ከደረቀ በኋላ ካውያ ስመታው ደግሞ ይብስ ቁልጭ ብሎ ታየ። በዚህ ስበሳጭ የአራት ዓመቷ ልጄ ያንኑ ጥቁር ማርከር አንስታ ነጠላዬ ላይ፣ ጥለቱ አጠገብ፣ ሁለት መስመር አሰመረችበት። ሶፋውንም ነካክታዋለች። ነጠላዋ የእናቴ ስጦታ ናት፤ ለፍልሰታ ልለብሳት ነበር። እንደ ሸሚዙ እንዳላበላሻት ፈርቼ እስካሁን ውሃ አላስነካኋትም። ምን ላድርግ?»
እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ

እህታችን፣ ነጠላዋን ውሃ ሳያስነኩ መቆየትዎ እጅግ ጥሩ ነው። ከሦስቱ የመዳን ተስፋዋ ከፍ ያለው እሷ ናት፤ ፍልሰታም ደርሷል፤ ስለዚህ ቅድሚያውን ለእሷ ይስጡ። ሸሚዙ ግን ከባድ ነው፤ የከበደበትን ምክንያት ከታች እንነግርዎታለን።

ፐርማነንት ማርከር ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ ቀለሙ፣ ቀለሙን የሚያጣብቅ ሙጫ፣ ሁለቱን ያሟሟ ፈሳሽ። ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ከአልኮል ወገን ነው፤ ሲጻፍበት አፍንጫ የሚሰነፍጠውም እሱ ነው። በጥቂት ሰከንድ ይተናል፤ ሙጫው ግን ቀለሙን እንደያዘ ክሩ ላይ ይደርቃል። ይህ ሙጫ በውሃ አይሟሟም። ኦሞ ውስጥ ቢያሳድሩት፣ በልብስ ሳሙና ቢያሹት ክሩ ያልቃል እንጂ እሱ አይነሳም። የሚፈታው መጀመሪያ ያሟሟውን የመሰለ ፈሳሽ ሲያገኝ ነው።

አልኮል ማርከር እንደሚያስለቅቅ ብዙ ሰው ሰምቷል። ሞክረውት ያልተሳካላቸውም ብዙ ናቸው፤ ስህተቱ ያለው ከዚያ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው። አልኮሉ ሙጫውን ሲፈታው ቀለሙ አይጠፋም፤ ፈሳሽ ሆኖ እዚያው ጨርቁ ውስጥ ይቆያል። ከሥሩ የሚመጠው ደረቅ ነገር ካላገኘ ክሩን ተከትሎ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ቀጭኑ ጥቁር መስመር የእጅ መዳፍ የሚያህል ሐምራዊ ደመና ይሆናል። በጨርቅ ይዞ ማሸት ደግሞ ይህንኑ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ከአልኮሉ እኩል፣ እንዲያውም ይበልጥ፣ የሚያስፈልግዎት ከሥር የሚነጠፍ ብዙ ደረቅ ነጭ ጨርቅ ነው። ልብስ ፋብሪካ የሚሠራ ጎረቤት ካለዎት (ሐዋሳ ውስጥ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ምክንያት አይጠፋም) ይጠይቁት። በማጠናቀቂያ ክፍል ጨርቅ ላይ ያረፈ ምልክት የሚወጣው ማስለቀቂያውን በግፊት እየረጩ ከሥር አየር በሚስብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የሚስበውን ጠረጴዛ የሚተካው ሶፍትና ፎጣ ነው።

ዕቃዎቹን አስቀድመው ያዘጋጁ። ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ይግዙ፤ ለነጠላዋ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ለሸሚዙ ግማሽ ሊትር ያስፈልግዎታል። ከ90 በመቶ በላይ የሆነ ካገኙ ይሻላል፤ ውሃው ባነሰ ቁጥር ሙጫው ቶሎ ይፈታል። ጠርሙሱ ላይ ኢታኖል ወይም አይሶፕሮፒል የሚል ይኑር። ምን እንደሆነ ያልተጻፈበትን በፕላስቲክ የሚቀዳ «አልኮል» አይግዙ፤ ሜታኖል ሊሆን ይችላል፤ ሜታኖል በትነቱም በቆዳም ገብቶ ይመርዛል። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር ካለዎት ፈሳሹ ይሠራል፤ በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የተዘጋጀው 80 በመቶ ኢታኖል ነው፤ 1.45 በመቶ ግሊሰሪንም አለው። ግሊሰሪኑ ጨርቁ ላይ ስለሚቀር በሳሙና ማጠብ ግድ ይላል። እንደ ጄል የወፈረው ግን ክር ውስጥ ስለማይሰርግ ይተዉት። ከዚያው ፋርማሲ መርፌ የሌለው 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ጥጥ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥና 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይያዙ። አንድ ጥቅል ነጭ ሶፍት፣ ሁለት ያረጁ ነጭ ፎጣዎችና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ። ነጭ የጥጥ ቁርጥራጭ ሰፈርዎ ያለውን ልብስ ሰፊ ቢጠይቁት አይነፍግዎትም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃም ይኑር። ቧንቧው መሃል ላይ ቢቋረጥብዎ የተፈታው ቀለም እዚያው ደርቆ ክብ ጠርዝ ይሠራልና ውሃ ሳይዙ አይጀምሩ።

ሌላ ዕድልም አለዎት፦ ማርከሩ ራሱ እቤት ነው። አሮጌ ነጭ ጨርቅ ላይ ሁለት መስመር ያስምሩ፤ አንድ ቀን ይደር፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይሞክሩት። እጅዎ ምን ያህል አልኮል እንደሚበቃ የሚለምደው እዚያ ነው እንጂ በእናትዎ ስጦታ ላይ አይደለም።

አሁን ነጠላዋ። ፈትሉ ጥጥ ስለሆነ ነገሩ በጎ ነው፤ የማርከር ቀለም ከጥጥ ጋር በራሱ አይዋሃድም፤ ይዞት ያለው ሙጫው ብቻ ነው። የሚያሰጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ የእጅ ፈትል ላላ ብሎ የተፈተለ ስለሆነ ሲታሽ ይጎተታል፤ ፀጉርም ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙ ቢለቅም ቦታው ያስታውቃል። ሁለተኛው ጥለቱ ነው። የጥለት ክር ቀለሙን በውሃ ባይለቅ እንኳ በአልኮል ሊለቅ ይችላል። ወርቃማ ወይም ብርማ ክር ካለበት ደግሞ ያ ክር በፕላስቲክ ላይ የተለበጠ ስስ ብረት ነው፤ ሊደበዝዝ ይችላል።

ስለዚህ ጥለቱን አስቀድመው ይፈትኑ። በማይታይ ጫፍ፣ በጀርባው በኩል፣ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ አልኮል ይንኩ፤ አምስት ደቂቃ እርጥብ አድርገው ያቆዩት፤ ከዚያ ነጭ ጥጥ ጫን ያድርጉበት። እያንዳንዱን የክር ቀለም ለየብቻ ይፈትኑ፤ ቀዩ ቢለቅ አረንጓዴው ላይለቅ ይችላል። ጥጡ ነጭ ሆኖ ከተነሳ ደህና ነው። ቀለም ከያዘ ሥራውን አይተዉ፤ ጥለቱን ግን ይጠብቁ፦ ከላይም ከታችም ደረቅ ሶፍት አልብሰው በልብስ መቆንጠጫ ይያዙት፤ ወደ ጥለቱ በቀረበው መስመር ላይም በሲሪንጅ ሳይሆን በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ብቻ ይሥሩ።

ነጠላዋ ደረቅ ትሁን፤ እርጥብ ክር አልኮሉን ያቀጥነዋል። ትሪ ላይ አራት ላይ የታጠፈ ፎጣ ያንጥፉ፤ በላዩ ስድስት ሰባት ድርብ ሶፍት ያድርጉ። ነጠላዋን ገልብጠው የተሰመረበት ፊት ሶፍቱን እንዲነካ አድርገው ያስቀምጡ። ማርከሩ የገባው ከፊት ነው፤ በገባበት እንዲወጣ ከጀርባ ይግፉት፤ ሙሉውን ውፍረት አቋርጦ እንዳያልፍ። ነጠላዋ ድርብ ከሆነችና ማርከሩ ሁለተኛው ላይ ካልደረሰ፣ ሁለቱን ለያይተው መሃላቸው ሶፍት ያስገቡ። ከደረሰ ግን አንድ ላይ ይሥሯቸው፤ የሥሩን ሶፍት ብቻ ያወፍሩት።

በሲሪንጁ ከመስመሩ ጫፎች ተነስተው ወደ መሃል ጠብታ በጠብታ ያድርጉ፤ ለሦስት ጣት ርዝመት አንድ ሚሊ ሊትር ይበቃል። ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ አልኮል የጠጣ ጥጥ ይዘው ከላይ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ ያድርጉ፤ ወደ ጎን አይጎትቱ። ነጠላዋን አንስተው ሶፍቱን ይዩት፤ የመስመሩ ግልባጭ ታትሞ ያገኙታል። ያ የታተመው ከነጠላዋ የወጣው ነው። ሶፍቱን ይቀይሩ፤ እንደገና ይጀምሩ። የቆሸሸውን ሶፍት ሳይቀይሩ ሌላ አልኮል መጨመር የወጣውን ቀለም መልሶ ወደ ነጠላዋ ማስገባት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ነው፣ ሶፍት ሊቆጥብ ሲል። አሥር ጊዜም፣ አሥራ አምስት ጊዜም ሊቀይሩ ይችላሉ። ጥቁሩ መሃል ላይ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ወይም ቢጫ መሰል ቢሆን አይደንግጡ፤ ብዙ ጥቁር ማርከር ከተለያዩ ቀለሞች የተደባለቀ ነው፤ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ይወጣል።

መስመሩ ዙሪያ የደበዘዘ ክብ ከተፈጠረ አልኮሉ በዝቶ ሶፍቱ አንሷል ማለት ነው። እንዲደርቅ አይተዉት። ከክቡ ውጭ አንድ ጣት ያህል አልፈው በአልኮል ያርጥቡ፤ ደረቅ ሶፍት ከላይም ከታችም አድርገው መዳፍዎን ይጫኑበት፤ ጠርዙ እየሳሳ ይጠፋል።

ሶፍቱ ንጹሕ ሆኖ መነሳት ሲጀምር አልኮሉ የሚችለውን ጨርሷል። ቦታው ገና ረጠብ እንዳለ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያድርጉበት፤ በጣትዎ ጫፍ እየተጫኑ ያስገቡት፤ 15 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ከጀርባ በኩል እያፈሰሱ ያለቅልቁ፤ ጥለቱን በሌላ እጅዎ ከፍ አድርገው ይያዙት። አይጭመቁት፤ ደረቅ ፎጣ ውስጥ ጠቅልለው ይጫኑት፤ ጥላ ውስጥ ዘርግተው ያድርቁት። የክረምቱ እርጥበት ቢያዘገየውም ምድጃ አጠገብ አያስጡት።

ሲደርቅ በቀን ብርሃን ይዩት። የአምፖል ብርሃን ያታልላል። ግራጫ ጥላ ከቀረ የአልኮሉን ሥራ አንድ ጊዜ ይድገሙ። ከዚያም የሚቀር ካለ ነጩ ክፍል ላይ ብቻ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጥጥ አድርገው ለ20 ደቂቃ እርጥብ ያድርጉትና በደንብ ያለቅልቁ። ጥለቱን እንዳይነካ፤ ያነጣዋል። አንዳንድ ጥቁር ማርከር ግን የተሠራው ከጥላሸት ነው፤ ጥላሸትን አልኮል አያሟሟውም፤ ፐርኦክሳይድም በረኪናም አያነጣውም፤ የሚወጣው ሙጫው ሲለቀው አብሮ ተንሳፍፎ ብቻ ነው። ሁለት ዙር ፐርኦክሳይድ ምንም ካልለወጠው የቀረው እሱ ነውና ፈትሉን በሦስተኛ ዙር አያድክሙት። ካውያ የሚነካት ምንም ጥላ እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ነው።

ይህን አጥብቀን የምንናገርበትን ምክንያት ሸሚዙ ያሳይዎታል።

ዩኒፎርም በብዛት የሚሰፋው ከቴትሮን ነው፤ ቴትሮን ፖሊስተርና ጥጥ የተቀላቀለበት ነው፤ ብዙ ጊዜ 65 በመቶው ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ክሩ ውስጡ ይላላል፤ በዚያን ጊዜ አጠገቡ ያለ ቀለም ወደ ክሩ ልብ ይገባል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠብቃል፤ ቀለሙም እንደታሰረ ይቀራል። ፋብሪካ ፖሊስተርን ሲያቀልም የሚጠቀመው ይህንኑ የሙቀት ጠባይ ነው። ሙቅ ውሃው ትንሽ ጀመረው፤ ካውያው ግን ከዚያ እጅግ ስለሚሞቅ ፊርማዎቹን ከቆሻሻነት ወደ ማቅለሚያነት ቀየራቸው። ከካውያ በኋላ ቁልጭ ብሎ የታየዎት ለዚህ ነው። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ልብስ ሲቆሽሽ ሙቅ ውሃ ማለት ሁላችንም ያደግንበት ነው፤ ለእንጀራና ለወጥ ቅባት ይሠራል፤ ለማርከር አይሠራም።

በረኪናውስ? ክሎሪን ቀለም ሊያነጣ ይችላል እንጂ ሙጫ አይፈታም፤ ሙጫ ውስጥ የተዋጠ ቀለም ጋር መድረስም ይቸግረዋል። በዚያ ላይ ነጭ ቴትሮን ነጭ የሚመስለው ማንጪያ ስለተጨመረበት ነው፤ በረኪና ያንን ሊያጠፋው ይችላል። ኮሌታ ውስጥ ያለው ማጠንከሪያም ክሎሪኑን ይዞ ያስቀራል፤ ካውያ ሲያርፍበት ቢጫ ይሆናል፤ ጨርቁም ይሳሳል። ሌላ በረኪና ቢጨምሩ ቢጫው ይጨምራል።

ከዚህ በፊት ግን ለጤናዎ ሲባል አንድ ነገር፦ በረኪና የነካው ጨርቅ ላይ አልኮልም አሴቶንም (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው) አያድርጉ። ሲገናኙ ክሎሮፎርምን የመሰሉ መርዛማ ነገሮች ይፈጠራሉ። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር መቀላቀልም የሚያፍን የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ሸሚዙን ሦስት ጊዜ ውሃ እየቀየሩ ያለቅልቁ። ከዚያ ሳፋ ውስጥ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የቡና ሲኒ ያህል 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ አድርገው ኮሌታውን ግማሽ ሰዓት ይዝፈዝፉት፤ የቀረውን ክሎሪን ይጨርሰዋል። ቢጫው ይቀንስ ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብለን ግን አናስመኝዎትም። እንደገና አለቅልቀው ያድርቁት፤ የበረኪና ሽታ ጨርሶ ሲጠፋ ወደ ፊርማዎቹ ይሂዱ።

ፊርማዎቹ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ልጆቹ ያገኙትን ይዘው ነው የፈረሙት። በየአንዳንዱ ላይ በውሃ የረጠበ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነካ ያድርጉ፤ ቀለም ከወጣ የልጆች ማርከር ወይም ሃይላይተር ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና ሊበቃው ይችላል፤ ደጋግመው ይጠቡት። ውሃ ምንም ካላነሳ በአልኮል ይሞክሩ። የሰሌዳ ማርከር ሰሌዳ ላይ በቀላሉ ስለሚጠፋ ልብስ ላይም የሚጠፋ ይመስላል፤ ግን ከሰሌዳ የሚያስለቅቀው ቅባት ክር ውስጥ ምንም አይረዳውም፤ እንደ ፐርማነንቱ በአልኮል ይሠራል፤ ከዚያ ለቅባቱ ሳሙና ይጨመርለታል። ተራ እስክሪብቶ በአልኮል በደንብ ይለቃል። የጄል እስክሪብቶ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል።

በነጠላዋ ላይ እንዳደረጉት በሶፍት ላይ ገልብጠው በአልኮል ይጀምሩ። የደከመበት ቦታ ላይ ቀለምና ሽቶ የሌለው አሴቶን ይሞክሩ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠው ማለት ነው። ሮዝ ወይም ሰማያዊ የሆነው የራሱን ቀለም ያስተላልፋል፤ «አሴቶን የሌለው» የሚለውም ደካማ ነው። ጥጥና ፖሊስተር አሴቶንን ይችላሉ። ቁልፎቹ ግን ሊሟሙ ይችላሉ፤ ሦስት ጣት ይራቁላቸው። የትምህርት ቤቱ ዓርማ የታተመ ከሆነ አያስነኩት፤ በክር የተጠለፈ ከሆነ ፈትነው ይንኩት። ኮሌታና እጅጌ ጫፍ ላይ አሴቶን አያፍስሱ፤ ውስጥ ያለው ማጠንከሪያ በሙጫ የተያያዘ ነው፤ ሲለቅ ኮሌታው አረፋ መስሎ ይነፋል። አሴቶንን በሌላ ልብስ ላይ ሲሞክሩም ገበሩን ይዩ፤ አሲቴት የሚባለውን ሐር መሰል ገበር እንደ ስኳር ያሟሟዋል፤ ቀዳዳው አይጠገንም።

ሦስት ዙር ሠርተው ሶፍቱ ባዶውን መነሳት ከጀመረ ያቁሙ። እንደኛ ግምት የደበዘዘ ግራጫ ጽሑፍ ይቀራል፤ በተለይ ካውያው ጠንክሮ ያረፈበት ደረትና ጀርባ ላይ። ከዚያ በኋላ መድከም ጨርቁን ማሳሳት ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ቢወስዱት ታናሹ አነስ ስለሚል ንጹሑን ክፍል ተጠቅሞ ሊያጠብበው ይችል እንደሆነ አይቶ ይነግርዎታል። ሳይጀምሩ በፊት ደግሞ ትልቁን ልጅ ይጠይቁት። ስምንት ዓመት አብሯቸው የተማራቸው ልጆች ስም ነው ያለበት፤ ምናልባት ሸሚዙን እንዳለ ማስቀመጥ ይፈልግ ይሆናል። ለግማሽ ሊትር አልኮልና ለአሴቶን የሚያወጡትን ለታናሹ ሸሚዝ ቢያደርጉት ሁለቱም ይደሰቱ ይሆናል። ይህን የምንለው ከልባችን ነው።

ከጎረቤት የሚመጣ ምክር ስለማይቀር፦ የጥርስ ሳሙና የሚሠራው በመፋቅ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ ማርከርን ያነሳል፤ ነጠላ ላይ ግን ፈትሉን ይፍቃል። ወተት ሙጫውን አይፈታም፤ ስቡንና ሽታውን ትቶ ይሄዳል። ሎሚና ጨው ለዝገት ነው። ሽቶ አልኮል ቢኖረውም ዘይቱ ነጭ ልብስ ላይ ሌላ ነጠብጣብ ይተዋል። አረቄ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ቀለሙን ያንቀሳቅሰዋል እንጂ አያወጣውም፤ ስለዚህ ያሰፋዋል። ቲነርና ቤንዚን በእርግጥ ያሟሟሉ፤ ግን ትነታቸው ሳንባና ራስን ይጎዳል፤ ቤት ውስጥ እሳት ለማስነሳትም አንድ ብልጭታ ይበቃቸዋል። ነጭ ጋዝ ደግሞ ቅባቱና ሽታው ከማርከሩ የባሰ ነው። እነዚህን ሦስቱን አጥብቀን እንከለክልዎታለን።

ሶፋው ጨርቅ ከሆነ ከሥሩ ሶፍት ማንጠፍ አይቻልም፤ ስለዚህ ፈሳሹን ማሳነስ ነው መፍትሔው። አልኮሉን ሶፋው ላይ አያፍስሱ፤ ስፖንጁ ውስጥ ቀለሙን ይዞ ይወርዳል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይወጣል። ጥጥ ላይ ጥቂት ጠብታ አድርገው ጫን ያድርጉ፤ ወዲያው ደረቅ ጥጥ ይተኩ፤ እንደገና። መጨረሻ ላይ የሳሙና አረፋውን ብቻ በጨርቅ ይንኩና በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ሌዘር መሰል ከሆነ ጥድፊያው ይበልጣል፤ ቀለሙ ቀን በቀን ወደ ፕላስቲኩ ይሰርጋልና ዛሬውኑ በሳሙና ውሃ፣ ካልሆነም አልኮል በነካ ጥጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ጠረግ ያድርጉት። ጥጡ የሶፋውን የራሱን ቀለም ማንሳት ከጀመረ ያቁሙ።

ይህን ሁሉ ሲሠሩ መስኮቱ ይከፈት፤ ልጅቷ ከክፍሉ ትውጣ። ቡና እየፈላ፣ ዕጣን እየጨሰ፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ በርቶ አይሥሩ። 70 በመቶ አልኮል ከ17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ የሐዋሳ ቤት ደግሞ በክረምትም ቀን ላይ ከዚያ በላይ ይሞቃል። አሴቶንማ በረዶ ላይም ይቀጣጠላል። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን እምብዛም ስለማይታይ እሳት መያዙን የሚያውቁት ሲያቃጥልዎ ነው። አልኮል የጠጣውን ሶፍትና ጥጥ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ካለው ቆሻሻ መጣያ አይክተቱት፤ ውጭ፣ ነፋስ በሚነካው ቦታ፣ ዘርግተው ሙሉ በሙሉ ያድርቁት፤ ከዚያ ይጣሉት።